ሲወድቅ ያልታየ ስክሪፕት አይታመንም

በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚተላለፍ፣ ብዙዎች እንደ ሕግ የያዙት አስተሳሰብ አለ፤ ቢልዱ አረንጓዴ ከሆነ ሥራው ደህና ነው የሚል። ኮዱን የሚያጠናቅረው፣ ቴስቱን የሚያስኬደው፣ የተዘጋጀውን ጥቅል ወደ ሰርቨር የሚልከው ስክሪፕት መጨረሻው መስመር ላይ ከደረሰና ቀይ ካላሳየ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ጠንቀቅ ላለው ሰው ደግሞ አንድ ምክር ይጨመርለታል፦ ከስክሪፕቱ ራስ ላይ ኤርኤግዚት፣ ኖአንሴትና ፓይፕፌይል የሚባሉትን ሦስት የባሽ ሴቲንጎች አብራ፤ ከዚያ ወዲያ ስህተት ሲመጣ ስክሪፕቱ ራሱ ይቆማል።

ይህን አስተሳሰብ ከነምክሩ እቃወማለሁ። የቢልድ ስክሪፕት የተቀጠረው ለማለፍ አይደለም። የተቀጠረው የተበላሸ ነገር ሲመጣ እንቢ እንዲል ነው። እንቢ ማለቱን ደግሞ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ሳይሆን በሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሁሉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ እርምጃው ሆን ተብሎ ተበላሽቶ ቀይ ሲያሳይ ያልታየ ስክሪፕት የሚሰጠው አረንጓዴ፣ ስክሪፕቱ መጨረሻው ላይ መድረሱን እንጂ ሥራው መሠራቱን አይመሰክርም።

ነገሩ ከምን እንደሚነሣ እንይ። ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ ለጠራው አንድ ቁጥር ይመልሳል፤ ኤግዚት ኮድ የምንለው ነው። ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ አልተሳካም። መላው የቢልድ አውቶሜሽን የተንጠለጠለው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩን ተቀብሎ ልቀጥል ወይስ ላቁም ብሎ የሚወስነው ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ሼል ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የዩኒክስ ሼሎች ጠባያቸውን የወረሱት ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተርሚናል ፊት ለተቀመጠ ሰው ከተሠሩት ነው። ያ ሰው ትእዛዝ ይጽፋል፣ የስህተቱን መልእክት ያነባል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይወስናል። አንድ ትእዛዝ በተሳሳተ ቁጥር ሼሉ ቢዘጋበት ሥራ አይሠራም ነበር። ስለዚህ ሼሉ እንዲቀጥል መደረጉ ትክክል ነበር። ቢልድ ሲሮጥ ግን መልእክቱን የሚያነብ ሰው የለም። ሼሉ ግን አሁንም ሰው እንዳለ ቆጥሮ ይቀጥላል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በጃንዋሪ 2015 በግልጽ ታይቷል። ስቲም የሚባለው የቫልቭ የጌም መደብር በሊኑክስ ላይ የሚነሣው በሼል ስክሪፕት ነበር። ስክሪፕቱ የተጫነበትን ፎልደር ለማወቅ ወደዚያው ለመግባት ይሞክርና አድራሻውን በአንድ ቫሪያብል ያስቀምጣል። መግባቱ ካልተሳካ ቫሪያብሉ ባዶ ይቀራል፤ ስክሪፕቱ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ወረድ ብሎ በቫሪያብሉ በተጠቀሰው ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፋ የሚል መስመር አለ። ስሙ ባዶ ሲሆን የሚቀረው የፋይል ሲስተሙ ሥር ነው። የስቲምን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ያዛወረ አንድ ተጠቃሚ የግል ፋይሎቹ መጥፋታቸውን ሪፖርት አደረገ። ከዚያ መስመር አጠገብ የኮዱ ጸሐፊ ራሱ መስመሩ እንደሚያስፈራ የሚናገር ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ፍርሃቱ ነበር፤ ፍርሃቱን ወደ ፍተሻ የቀየረው ሰው ግን አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ ኤርኤግዚት በርቶ ቢሆን ይህኛው ስክሪፕት ቫሪያብሉ ላይ ይቆም ነበር። ስለዚህ ሴቲንጎቹን አታብሩ አልልም፤ አብሯቸው። የምቃወመው አብርቶ አርፎ መተኛትን ነው።

ኤርኤግዚት ሰዎች እንደሚያስቡት ማንኛውንም ስህተት አይይዝም። አንድ ፈንክሽን በሁኔታ ውስጥ፣ ማለትም «ይህ ከተሳካ ያንን አድርግ» በሚል መስመር ውስጥ ከተጠራ፣ ባሽ በፈንክሽኑ ውስጥ ላሉት ትእዛዞች በሙሉ ሴቲንጉን ችላ ይለዋል። ፈንክሽኑ አሥር መስመር ቢኖረውና ሦስተኛው ቢከሽፍ አራተኛው ይቀጥላል፤ አሥረኛው ከተሳካ ፈንክሽኑ ተሳካ ይባላል። በፈንክሽን ውስጥ አንድ ቫሪያብል ሎካል ነው ብሎ በዚያው መስመር የሌላ ትእዛዝ ውጤት ሲሰጠው ደግሞ የሚታየው ኤግዚት ኮድ የሎካል ነው፣ ሎካል ደግሞ ይሳካል፤ የዋናው ትእዛዝ ውድቀት ተውጦ ይቀራል። እነዚህ በባሽ ሰነድ የተጻፉ፣ ዓመታት ያስቆጠሩ ጠባዮች ናቸው። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ግን አብረው አይናገሯቸውም።

ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሲኬድ ነገሩ ይብሳል። አፕል ባሽ ወደ ጂፒኤል 3 ፈቃድ ከተሸጋገረ በኋላ አዲሱን ስሪት ከማክ ጋር አላቀረበም፤ ዛሬም በማክ ላይ አብሮ የሚመጣው ባሽ መሠረቱ በ2006 የወጣው 3.2 ነው። አሁን ሁለት መስመሮችን ቀረብ ብለን እንያቸው።

የመጀመሪያው ከዜሮ የሚነሣ ቆጣሪን በአንድ የሚጨምር ተራ የባሽ ሒሳብ ነው፤ በሁለት ቅንፍ ውስጥ የቫሪያብሉ ስምና ከኋላው ሁለት የመደመር ምልክት። ቆጣሪው ከመጨመሩ በፊት የነበረው ዋጋ ዜሮ ስለሆነ ባሽ የሒሳቡን ውጤት እንዳልተሳካ ይቆጥረዋል። ኤርኤግዚት በርቶ በአዲሱ የሊኑክስ ባሽ ላይ ስክሪፕቱ አንድ ቃል ሳይናገር እዚያው ይሞታል። በማኩ 3.2 ላይ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል። ሁለተኛው መስመር ባዶ የሆነ የፋይሎች ዝርዝርን ለሌላ ትእዛዝ የሚያቀብል ነው። ያልተሰየመ ቫሪያብል ሲጠራ የሚያቆመው ኖአንሴት በርቶ የማኩ ባሽ ቫሪያብሉ አልተሰየመም ብሎ ያቆማል፤ ከ4.4 ጀምሮ ያለው ባሽ ግን ያሳልፈዋል። ያው ስክሪፕት፣ ያው ሴቲንግ፣ ሁለት ማሽን፣ ተቃራኒ ፍርድ። እነዚህ ሦስት ሴቲንጎች በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ጥበቃ ይሰጣሉ የሚል ሰው ይህን ያስረዳኝ።

ሦስተኛው ሴቲንግ ፓይፕፌይል ደግሞ በሁሉም ሼል ላይ አይገኝም። የቢልዱን ውጤት በፓይፕ «ቲ» ወደሚባለው ፕሮግራም ልኮ ሎግ ፋይል ላይ መጻፍ የተለመደ ነው። ያለ ፓይፕፌይል የሚቆጠረው የመጨረሻው ፕሮግራም ኮድ ነው፤ ኮምፓይለሩ ቢወድቅም «ቲ» ሎጉን በትክክል ስለጻፈ ሁሉም ተሳካ ይባላል። ባሽ ፓይፕፌይልን ካወቀው ቆይቷል። የፖዚክስ ደረጃ ግን ያካተተው በ2024 ነው። ኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ የሲስተሙ መደበኛ ሼል ያደረገው ዳሽን ነው፤ አብዛኞቹ በሥራ ላይ ያሉት የዳሽ ስሪቶች ሴቲንጉን አያውቁትም። በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ የዶከር ኢሜጅ ሲሠራ በነባሪነት የሚጠራው ይኸው ሼል ነው። እናም በላፕቶፑ ላይ በባሽ የፈተነውን ፓይፕ ዶከርፋይል ውስጥ የገለበጠ ሰው፣ የፓይፑ የመጀመሪያ ግማሽ ወድቆ ኢሜጁ ያለችግር ተሠራ ሲባል ያያል።

ወደ ዊንዶውስ ስንሻገር ሌላ ዓለም ነው። ብዙ ቡድኖቻችን ኮዱን በዊንዶውስ ላፕቶፕ ጽፈው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ያሰማራሉና ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በባች ፋይል ውስጥ ሌላ ባች ፋይል «ኮል» የሚለው ቃል ሳይቀድመው ከተጠራ ቁጥጥሩ ተላልፎ ይቀራል፤ ወደ መጀመሪያው አይመለስም። የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎችን የሚጭነው ኤንፒኤም በዊንዶውስ ላይ ራሱ እንዲህ ያለ ፋይል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር አስፈላጊ ላይብረሪዎችን ጫን፣ በሁለተኛው ቴስቶቹን አስኪድ፣ በሦስተኛው ጥቅሉን አዘጋጅ የሚል ባች ፋይል መጫኑን ብቻ ጨርሶ ያበቃል። ቴስቶቹ አልሮጡም፤ ስለዚህ አንዳቸውም አልወደቁም። ቢልዱ አረንጓዴ ነው።

እንዲያውም ፍተሻ የጨመረ ሰው እንኳ አይተርፍም። በባች ፋይል ላይ የተለመደው ፍተሻ ኤረርሌቭል 1 ከሆነ አቁም የሚለው ነው። ትርጉሙ ግን «አንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ» ነው። በዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም የማይፈቀድለትን ሜሞሪ ነክቶ ሲሞት የሚመልሰው ኮድ በምልክት ሲነበብ -1073741819 ነው። ይህ ቁጥር ከአንድ ያንሳል። ስለዚህ ኮምፓይለሩ በሰላም ስህተት ቢያገኝ ፍተሻው ይይዘዋል፤ ኮምፓይለሩ ራሱ ተሰባብሮ ቢወድቅ ግን ያሳልፈዋል። ፋይል የሚቀዳው የዊንዶውስ ፕሮግራም ሮቦኮፒ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፋይሎቹን በትክክል ሲቀዳ 1 ይመልሳል፣ እውነተኛ ውድቀት የሚጀምረው ከ8 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቢልዱ ያለምክንያት ሲቆምበት ይሰላችና የሮቦኮፒን ውጤት በሙሉ ችላ እንዲባል ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ሞልቶ ምንም ባይቀዳ የሚናገር የለም።

ፓወርሼል ይሻላል ይባላል። በስህተት ላይ ቁም የሚለው ሴቲንጉ ግን በመሠረቱ የሚገዛው የፓወርሼልን የራሱን ትእዛዞች ነው። ጊትን፣ ኮምፓይለሩን፣ የቴስት ማስኬጃውን የመሳሰሉ የውጭ ፕሮግራሞች ዜሮ ያልሆነ ኮድ ሲመልሱ በዚያ ሴቲንግ ብቻ አይቆምም። በ2023 የወጣው 7.4 ይህን የሚያስተካክል ቫሪያብል በቋሚነት አካትቷል፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው የቆየው 5.1 ግን የለውም።

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ሲገናኝ የሚሆነውን በጊትሃብ አክሽንስ ላይ ማየት ይቻላል። ሦስት ፕሮግራሞችን በተራ የሚጠራ አንድ እርምጃ ጻፉና በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ ላይ አስኪዱት፤ የሼሉን ስም አትጥቀሱ። በሊኑክስና በማክ ላይ ባሽ ኤርኤግዚትን አብርቶ ይነሣል፤ ፓይፕፌይል ግን የሚበራው ባሽ መሆኑን በስም ስትጽፉ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ይነሣና በስክሪፕታችሁ መጨረሻ ላይ የመጨረሻውን ፕሮግራም ኮድ የሚመልስ መስመር ይጨመርበታል። እንግዲህ ሁለተኛው ፕሮግራም ቢወድቅና ሦስተኛው ቢሳካ ሊኑክስና ማክ ቀይ ያሳያሉ፣ ዊንዶውስ አረንጓዴ። ሁሉም በሰነዱ በግልጽ የተጻፈ ነው። የተለያየ ዳኝነት እያለ የሦስቱን ምልክት ጎን ለጎን ደርድሮ በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተፈትኗል ብሎ ለደንበኛ መናገር ሐቅ አይደለም።

ቁጥሩ ራሱም ድንበር ሲሻገር ይለወጣል። በሊኑክስና በማክ ላይ ሼሉ ከኤግዚት ኮዱ የሚያየው የታችኛውን ስምንት ቢት ብቻ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ 32 ቢት ነው። የስህተቶቹን ብዛት እንደ ኤግዚት ኮድ የሚመልስ የኮድ መፈተሻ 255 ስህተት ሲያገኝ ይወድቃል፤ 256 ሲያገኝ በሊኑክስ ላይ ዜሮ ይሆንና ያልፋል። አንድ ስህተት በመጨመሩ ቢልዱ ይድናል ማለት ነው።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ለምንሠራ ደግሞ ሌላ አለ። ከኢንተርኔት የመጫኛ ስክሪፕት አውርዶ በቀጥታ ወደ ባሽ በፓይፕ ማስገባት የተለመደ ነው። መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥ ባሽ የደረሰውን ግማሽ ያስኬዳል፤ ከደረሱት መስመሮች የመጨረሻው ከተሳካ ዜሮ ይመልሳል። ከርልም ቢሆን በኤችቲቲፒ ስህተት ላይ ውደቅ የሚለው አማራጭ ካልተሰጠው፣ ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ ሳይኖር ሲቀር የ404ን ገጽ በፋይሉ ስም ያስቀምጥና ተሳካ ይላል። ሜክ ደግሞ አንድን ፋይል እየሠራ ሳለ ትእዛዙ ቢወድቅ ግማሹን የተጻፈ ፋይል በነባሪነት አያጠፋም። የመጀመሪያው ቢልድ ይወድቃል፤ «እስቲ እንደገና» ተብሎ ሲሞከር ግማሹ ፋይል አዲስ መስሎ ስለሚታይ ያልፋል። እንደገና ስንሞክር ሠራ የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

የሚቃወሙኝ ሦስት ነገር ያነሣሉ።

አንደኛው፣ ሁሉን ነገር ሊኑክስ ኮንቴይነር ውስጥ ከተትነው ችግሩ ያበቃል ይላሉ። ለሊኑክስ ሰርቨር ብቻ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ይቀንሳል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ቅድም እንዳየነው ኮንቴይነሩ ውስጥ የሚጠብቀው ሼል ላፕቶፑ ላይ ያለው አይደለም። ለዊንዶውስና ለማክ ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚያቀርብ ቡድን ደግሞ በእነዚያ ሲስተሞች ላይ መገንባትና መፈተን አይቀርለትም።

ሁለተኛው፣ ቶሎ የሚወድቅ ቢልድ ሥራ ያጓትታል፣ ባለሙያውን ያሰለቻል ይላሉ። ያለምክንያት የሚወድቅ ቢልድ በእርግጥ ያሰለቻል። መፍትሔው ግን ምክንያቱን ፈልጎ ማስተካከል ነው። ከትእዛዙ ኋላ ባይሳካም ተሳካ በል የሚል ቅጥያ መለጠፍ በሽታውን መሸሸግ ነው፤ በሽታውን የሸሸገ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ቅጥያው የሚለጠፈው ለዛሬው ትንሽ ስህተት ነው፤ የሚውጠው ግን ነገ የሚመጣውን ሁሉ ነው።

ሦስተኛው፣ ከባድ ነገር ከተበላሸ መቼም ይታወቃል ይላሉ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ ላይ የደረሰው ለዚህ መልስ ይሆናል። አንድ ኢንጂነር በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። መጠባበቂያው ሲፈለግ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ። መጠባበቂያ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም የፖስትግሬስ 9.2 ስሪት ሆኖ ዳታቤዙ 9.6 ስለነበረ በተነሣ ቁጥር ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ የላኪውን ማንነት በሚያጣራው ሥርዓት ተቀባይነት አጥቶ ማንም ጋር አልደረሰም። የዳኑት ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት በተወሰደ ሌላ ቅጂ ነው፤ በመሃል የገባው ዳታ ግን ጠፋ። ኩባንያው ይህን ሁሉ ራሱ ለሕዝብ መጻፉ ያስመሰግነዋል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ መውደቅ ብቻውን አይበቃም፣ ውድቀቱ ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። መድረሱን የሚያረጋግጠው ደግሞ ሆን ብሎ ጥሎ ማየት ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ውድቀት ራሱ ቴስት ይኑረው። ለእያንዳንዱ የቢልድ እርምጃ የተሳሳተ ኮድ፣ የሚወድቅ ቴስት፣ የሌለ ፋይል፣ የማይገኝ አድራሻ አዘጋጅቶ ስክሪፕቱን በሦስቱም ሲስተም ላይ ማስኬድ፤ ዜሮ ከመለሰ ያ ራሱ ስህተት ነው ብሎ መመዝገብ። ይህን አንድ ጊዜ ጽፎ በየሳምንቱ እንዲሮጥ ማድረግ ብዙ አያደክምም። የሼሉ ወይም የማሽኑ ኢሜጅ ስሪት ሲቀየር የተለወጠውን ቀድሞ የሚነግረን እርሱ ነው።

ቀጥሎ፣ ስህተት አለመታየቱን እንደ ስኬት አንቁጠር፤ የስኬትን ማስረጃ እንጠይቅ። የተሠራው ፋይል አለ? መጠኑ ከዜሮ ይበልጣል? ስንት ቴስት ሮጠ? ዜሮ ቴስት የሮጠበት ቢልድ ቀይ መሆን አለበት። ይህ አንድ ፍተሻ ብቻ የኤንፒኤሙን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን ይይዘው ነበር።

ከዚያም፣ ሦስት ሲስተም ላይ የሚሠራ አመክንዮ በሦስት ሼል አይጻፍ። ቅደም ተከተሉና ውሳኔው በፓይተን ወይም ቡድኑ በደንብ በሚያውቀው ሌላ ቋንቋ በአንድ ቦታ ይጻፍ፤ ለሼሉ አንድ እርምጃ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይተውለት። እዚህም ቢሆን ቋንቋው ብቻውን አያድንም፤ በፓይተን ሌላ ፕሮግራም የሚጠራው መደበኛ ፈንክሽን ቼክ የሚለው አማራጭ ካልተሰጠው ውድቀቱን በዝምታ ያሳልፋል። ስክሪፕቱ የሚመልሰው ኮድም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ይሁን፤ ብዛትና ዝርዝር ሎጉ ላይ ይጻፍ። ውድቀትን ችላ የሚል ማንኛውም መስመር ምክንያቱ አጠገቡ ተጽፎ በኮድ ግምገማ ላይ ይለፍ፤ ምክንያት ያልተጻፈለት ይሰረዝ።

የቢልድ ስክሪፕት መጻፍን ለተራ ጸሐፊ የሚተው፣ ጀማሪ ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጦ የሚያመጣው ነገር አድርገን ቆይተናል። ምርቱን ለመጻፍ ምርጥ ሰዎቻችንን እንመድባለን፣ ምርቱ ደህና ነው አይደለም ብሎ የሚፈርደውን ስክሪፕት ግን ማንም እንዲጽፈው እንተዋለን። ይህ መገልበጥ አለበት። የቡድን መሪ የሆነ ሁሉ ነገ ጠዋት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ቢልዳችን ለመጨረሻ ጊዜ በትክክል የወደቀው መቼ ነው፣ በየትኛው ሲስተም ላይ? መልስ የሚሰጥ ከሌለ ከዋናው ቅርንጫፍ ነጠል ባለ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቴስት ሆን ብሎ ያበላሽና በሦስቱም ሲስተም ላይ ይላክ። አንዱ እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ከተመለሰ፣ እስከዛሬ በዚያ ሲስተም ላይ የወጣው ምርት ሁሉ ሳይፈተን እንደወጣ ቆጥሮ ሥራውን ከዚያ ይጀምር።